የአስፈሪ ፊልም ፖስተሮችና የጭራቅ መጽሔቶች ታሪክ፦ ከኮሎምቢያ ሃይትስ እስከ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት

የአስፈሪ ፊልም ፖስተሮችና የጭራቅ መጽሔቶች ሲሠሩ ለትውልድ ይተላለፋሉ ተብለው አልነበረም። ፖስተሩ ፊልሙ በሚታይባቸው ጥቂት ቀናት መንገደኛውን አስቁሞ ትኬት እንዲገዛ ለማድረግ፣ መጽሔቱም በሳንቲም ተገዝቶ፣ ተነቦ እንዲጣል የታሰበ ነበር። ዛሬ ግን እነዚህ ወረቀቶች በታላላቅ የጨረታ ቤቶች ይሸጣሉ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። ለዚህ ያበቋቸው በዋናነት ፊልሙን የሠሩት ኩባንያዎች ሳይሆኑ ወረቀቱን አልጥልም ያሉ ግለሰቦች ናቸው፤ ብዙዎቹም መሰብሰብ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ይህን ታሪክ ለመከተል ይመቻሉ፤ ፖስተሩ ይሰቀልበት የነበረው ሲኒማ ቤት፣ ፊልሙን ወደ ሳሎን ያስገባው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ወጣቶች በቤታቸው ያዘጋጇቸው መጽሔቶችና በመጨረሻ ሁሉም የሚሰበሰብበት ግምጃ ቤት በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የፍራንከንስታይን ፊልም በ1910 በቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ተሠራ። ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት ያነሰ፣ ድምፅ አልባ ነበር። ኩባንያው ለሲኒማ ቤቶች ያሳትመው የነበረው «ኪኔቶግራም» የተባለ መጽሔት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ጭራቁን ሆኖ የተጫወተውን የቻርልስ ኦግልን ፎቶግራፍ በሽፋኑ አወጣ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ጠፋ፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያ ጭራቅ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የተቻለው ከዚህ የማስታወቂያ መጽሔት ነው። ፊልሙ ራሱ የተረፈው አሎይስ ዴትላፍ በተባለ የዊስኮንሲን ሰብሳቢ እጅ ነበር። ዴትላፍ በ1950ዎቹ ከሌሎች አሮጌ ፊልሞች ጋር ያገኘው ይህ ቅጂ ብቸኛው መሆኑን የተረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። እሱ በ2005 ካረፈ በኋላ የዋሽንግተኑ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን ገዛ፤ ፊልሙንም አድሶ በ2018 ለሕዝብ አቀረበው። የመጽሔት ሽፋን የፊልሙን መታሰቢያ ጠበቀ፣ አንድ ግለሰብ ደግሞ ፊልሙን። ከዚያ በኋላ የተደረጉት አብዛኞቹ ታላላቅ ግኝቶች በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

የፖስተሩ ወርቃማ ዘመን በ1931 ተጀመረ። ዩኒቨርሳል ኩባንያ በዚያ ዓመት «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን፣ በ1932 መጨረሻ ደግሞ «ዘ ማሚ»ን አወጣ። ጊዜው ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ የነበረበት ስለነበር ኩባንያው ገበያውን ለመሳብ ፖስተሮቹን በደማቅ ቀለም አሳተመ። የኩባንያውን የማስታወቂያ ሥዕል ይመራ የነበረው የሀንጋሪ ተወላጁ ካሮሊ ግሮስ ነው፤ የ«ዘ ማሚ» ፖስተርም የእሱ ሥራ ነው ይባላል። የተለመደው ፖስተር 27 በ41 ኢንች ስፋት ነበረው። በሲኒማ ቤቱ መግቢያ አዳራሽ የሚሰቀሉት ሎቢ ካርዶች 11 በ14 ኢንች ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት በአንድ ላይ ይላኩ ነበር። ለሱቅ መስኮት የሚሆኑት ደግሞ በጠንካራ ካርቶን ላይ ይታተሙና የሲኒማ ቤቱ ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ከላይ ይተውላቸው ነበር።

በዋሽንግተኑ የኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር፣ በ14ኛው ጎዳናና በፓርክ ሮድ ማዕዘን ላይ የሚገኘው ቲቮሊ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ይሰቀሉባቸው ከነበሩ የከተማዋ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነበር። የተከፈተው በ1924 ነው፤ ንድፉን ያወጣው በሲኒማ ቤት ሥራ ስሙ የገነነው ቶማስ ላም ነበር። ባለቤቱ ሃሪ ክራንዳል ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ሐዘን ደርሶበታል፤ በጃንዋሪ 1922 በአቅራቢያው በአዳምስ ሞርጋን የነበረው የኒከርቦከር ሲኒማ ቤቱ ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ቲቮሊ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ጥቁሮች ፖስተሩን ከመንገድ ላይ ሆነው ማየት እንጂ ፊልሙን በዚያ ቤት መመልከት አይችሉም ነበር። እነሱ ፊልም የሚያዩት በዩ ጎዳና እንደነበረው እንደ ሊንከን ባሉ ቤቶች ነበር። ስለ አሜሪካ ሲኒማ ቅርስ የሚጻፉ ብዙ ሥራዎች ይህን ያልፉታል፤ ግን አንድ ወረቀት በማን ፊት እንደተሰቀለ ካልታወቀ ታሪኩ ግማሽ ነው።

እነዚያ ሁሉ ፖስተሮች የት ገቡ? መልሱ በአሠራሩ ላይ ነው። ሲኒማ ቤቱ ፖስተሩን አይገዛውም፣ ይከራየዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ወረቀቱ ታጥፎ ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ከተማ ይላካል፣ ተቀዶ ከጥቅም ውጪ እስኪሆን ድረስ ይዞራል። ከ1940 ገደማ ጀምሮ ይህን ሥራ ለአብዛኞቹ ኩባንያዎች ጠቅልሎ የያዘው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ድርጅት ነበር፤ ከፖስተሩ ግርጌ የሚታየው ቁጥርም የዚህ ድርጅት መለያ ነው፣ ለዛሬ ሰብሳቢም የትክክለኛነት አንዱ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ፖስተሮች እስከ 1980ዎቹ ድረስ ታጥፈው ይላኩ ስለነበር በአሮጌ ፖስተር ላይ የእጥፋት መስመር ማየት ጉድለት አይደለም፤ ጨርሶ አለመኖሩ ነው ጥያቄ የሚያስነሳው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ለጦርነቱ በተደረገው የወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ የማይቆጠር ወረቀት ተፈጭቶ ቀርቷል።

ስለዚህም የተረፈው በአጋጣሚ የተረፈ ነው። በፔንሲልቬንያዋ በርዊክ ከተማ አቅራቢያ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር በግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ እርስ በርስ የተጣበቁ 33 ፖስተሮች ተገኙ። ባለሙያዎች በእንፋሎት አንድ በአንድ አላቀቋቸው፤ በ2012 በጠቅላላ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጡ፣ ከመካከላቸውም አንዱ የ«ድራኩላ» ፖስተር ብቻውን 143,400 ዶላር አወጣ። ቶድ ብራውኒንግ በ1927 የሠራው «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ጉዳይ ከዚህም ይገርማል። የፊልሙ የመጨረሻ ቅጂ በ1960ዎቹ በኩባንያው መጋዘን በተነሳ እሳት እንደጠፋ ይነገራል፤ ፖስተሩ ግን ተርፎ በ2014 በ478,000 ዶላር ተሸጠ። ፊልሙን ማየት በማይቻልበት በዚህ ዘመን ሥራው የሚታወቀው በወረቀቱና በጥቂት ፎቶግራፎች ነው።

ጭራቆቹን ለአዲስ ትውልድ ያስተዋወቀው ቴሌቪዥን ነው። በ1957 ስክሪን ጀምስ የተባለው ኩባንያ 52 የቆዩ የዩኒቨርሳል ፊልሞችን «ሾክ» በሚል ስም አጠቃልሎ ለአካባቢ ጣቢያዎች ሸጠ። ጣቢያዎቹ ፊልሞቹን በእኩለ ሌሊት ገደማ ያሳዩ ነበር፤ እንደ አስከሬን ወይም እንደ ድራኩላ ለብሶ ፊልሙን የሚያስተዋውቅ፣ በመካከሉም የሚቀልድ አቅራቢም ይቀጥሩ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ጭራቅን ከአያቱ ተረት እንደሚያውቀው የአሜሪካ ልጅ ከዚህ አቅራቢ ያውቀው ጀመር።

ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1958 መጀመሪያ፣ «ፌመስ ሞንስተርስ ኦቭ ፊልምላንድ» ወጣ። አሳታሚው የፊላደልፊያው ጄምስ ዋረን፣ አዘጋጁ የሎስ አንጀለሱ ፎረስት አከርማን ነበሩ። ሐሳቡ የመጣው አከርማን ከአውሮፓ ይዞት ከመጣው፣ ስለ አስገራሚ ፊልሞች ልዩ እትም ካወጣ የፈረንሳይ የሲኒማ መጽሔት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ታትሞ እንዲቀር ታስቦ ነበር፤ ግን በ35 ሳንቲም የተሸጠው የመጀመሪያ እትም ወዲያው ስላለቀ ቀጠለ። ከ1960 ጀምሮ ባዚል ጎጎስ የቀባቸው ሽፋኖች፣ የአስፈሪ ፊልም ተዋናዮቹ የቦሪስ ካርሎፍና የሎን ቼኒ ፊቶች በብርቱካንማ፣ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ ቀለም የተሣሉባቸው፣ መጽሔቱን በኪዮስክ መደርደሪያ ላይ ከሩቅ የሚለይ አደረጉት። በመጨረሻዎቹ ገጾቹ ላይ የታተሙ ማስታወቂያዎች ጭምብል፣ የአጽም አሻንጉሊትና የፊልም ጥቅል በፖስታ ይሸጡ ነበር፤ ዛሬ የሚሰበሰበው አብዛኛው የዚያ ዘመን ዕቃ በዚህ መንገድ ወደ ልጆች እጅ የገባ ነው። በ1961 አውሮራ ኩባንያ ያወጣው፣ ልጆች በማጣበቂያ የሚገጣጥሙት የፍራንከንስታይን አሻንጉሊትም የዚሁ ማዕበል አካል ነበር።

አዲስ ሰብሳቢ የሚደናገርበት አንድ ነገር በመጽሔቱ አቆጣጠር ላይ አለ። ከ69ኛው እትም ቀጥሎ የሚመጣው 80ኛው ነው፤ በመካከል ያሉት ዐሥር ቁጥሮች በጭራሽ አልታተሙም። ዋረን «ሞንስተር ወርልድ» በሚል ስም ያወጣቸው ዐሥር እትሞች እንደ ማካካሻ ተቆጥረው ነው። መጽሔቱ በ191ኛው ቁጥር በ1983 ቆመ።

መጽሔቱ በዚያ ዘመን መውጣቱ የአሜሪካ ሴኔት ከወሰደው እርምጃ ጋርም ይገናኛል። በ1950 «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት»ንና መሰል የአስፈሪ ሥዕላዊ ታሪኮችን ማሳተም የጀመረው ኢሲ ኩባንያ ነበር። በ1954 የአሜሪካ ሴኔት የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ሥዕላዊ መጽሔቶች ልጆችን ያበላሻሉ በሚለው ክስ ላይ ምስክር ሰማ። አሳታሚዎቹ የመንግሥት ሕግ እንዳይመጣባቸው ፈርተው በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ፤ የኢሲ አስፈሪ ታሪኮችም ተዘጉ። ደንቡ ግን በሥዕላዊ መጽሔት መጠን የሚታተሙትን እንጂ እንደ «ፌመስ ሞንስተርስ» ሰፋ ባለ የመጽሔት መጠን የሚወጡትን አልነካም። ዋረን በ1964 «ክሪፒ»ን ያሳተመው በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ነው። የተዘጉት የኢሲ እትሞች ወላጆችና መምህራን ሰብስበው ያቃጠሏቸው ስለነበሩ ዛሬ ከተረፉት መካከል ንጹሕ ቅጂ ማግኘት ከባድ ነው።

ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት በሚርቀው ባልቲሞር ጌሪ ስቬላ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ በ1963 «ጎር ክሪቸርስ» የተባለ የራሱን መጽሔት በቤቱ ማዘጋጀት ጀመረ። ጥቂት ቅጂ በእጅ ማባዣ ይወጣና በፖስታ ይላክ ነበር። በኋላ «ሚድናይት ማርኪ» ተብሎ ከበሬታ ያለው የፊልም ጥናት መጽሔት ሆነ፤ ስቬላና ባለቤቱም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆዩ ተዋናዮችን ከሰብሳቢዎች ጋር የሚያገናኝ ዓመታዊ ጉባኤ በባልቲሞር አካባቢ ያዘጋጁ ነበር። ገበያው በጨረታ ቤቶች ከመያዙ በፊት ፖስተርና መጽሔት የሚለዋወጡት በእንዲህ ያሉ አዳራሾች ጠረጴዛ ላይ ነበር። የወረቀቱን ዋጋ፣ የእትሙን ዓይነት፣ የሐሰተኛውን መለያ የጻፉትም እነዚሁ አፍቃሪዎች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ጉዳዩ የገቡት እጅግ ዘግይተው ነው።

ዋሽንግተን የራሷን የቴሌቪዥን ጭራቅ ያገኘችው በ1973 ነው። ዲክ ዳይዝል በቻናል 20 የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ነበር፤ በዚያው ጣቢያ «ክሪቸር ፊቸር» በሚለው ፕሮግራም ካውንት ጎር ደ ቮል የተባለ ድራኩላ መሰል ገጸ ባሕርይ ሆኖ ብቅ አለ። ከተማዋ የፖለቲካ ከተማ ስለሆነች ቀልዱም ወደ ፖለቲካ ያዘነብል ነበር። ፕሮግራሙ በመካከል ቢቋረጥም እስከ 1987 ቆየ፤ ዳይዝል በ1998 ገጸ ባሕርዩን ወደ ኢንተርኔት አሻግሮ በዚያ መስክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ያደገው የዛሬ ሰብሳቢ አብዛኛው በቅዳሜ ሌሊት እሱን እያየ የጀመረ ነው። የጣቢያው ማስታወቂያ ካርድ፣ የተፈረመበት ፎቶግራፍና በቤት የተቀዳ ቪዲዮ ካሴት አሁን ይፈለጋሉ፤ ጣቢያዎች ካሴታቸውን ደምስሰው ደግመው ይቀዱበት ስለነበር የዚያን ዘመን ፕሮግራም ጠብቀው ካቆዩት መካከል ተመልካቾቹ ይገኙበታል።

ቻናል 20 ያን ፕሮግራም በጀመረበት ዓመት መጨረሻ «ዘ ኤግዞርሲስት» በሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። የታሪኩ ሥር እዚሁ ነው፤ ደራሲው ዊልያም ፒተር ብላቲ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በነሐሴ 1949 ዋሽንግተን ፖስት በአንድ የሜሪላንድ ልጅ ላይ ስለተደረገ ርኩስ መንፈስ የማስወጣት ጸሎት የጻፈውን አንብቦ ነበር። ልብ ወለዱን በ1971 አሳተመ፤ ፊልሙም በከፊል በጆርጅታውን ተቀረጸ። ከፕሮስፔክት ጎዳና ወደ ኤም ጎዳና የሚወርደው ባለ 75 ደረጃ መውረጃ በ2015 መታሰቢያ ጽሑፍ ተደርጎለታል። ክፉ መንፈስ በጠበልና በጸሎት ሲወጣ ማየት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ፖስተሩ አንድም ጭራቅ አያሳይም፤ ቦርሳ የያዘ ቄስ በመብራት ጭጋግ ውስጥ በአንድ ቤት ፊት ቆሟል። ከ1970ዎቹ ፖስተሮች በስፋት ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ ብዙ ቅጂ ስለታተመም ከ1930ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ለመካከለኛ ገቢ ሰው የሚቀርብ ነው።

በዚያው ዘመን የጥቁሮች አስፈሪ ፊልም የራሱን ወረቀት ፈጠረ። በ1968 «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በመሪ ተዋናይነት የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነበር፤ በ1973ም በቢል ገን ፊልም «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» ላይ ተጫወተ። በ1972 የወጣው «ብላኩላ» ደግሞ አንድ አፍሪካዊ ልዑል የባሪያ ንግድን ለማስቆም እርዳታ ፍለጋ ወደ ድራኩላ ቤት ሄዶ ሲረገም ይጀምራል። ኮሎምቢያ ሃይትስ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ነበር፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በ1968 ሚያዝያ የተነሳው ሁከት ያቃጠለው 14ኛው ጎዳና ግን ገና አላገገመም ነበር። ቲቮሊ በ1976 ተዘጋ። የፈረሰ ሰፈር ወረቀቱንም አብሮ ያጣል፤ የጥቁሮች ሲኒማ ቤቶች ወረቀትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠ ይሆናል። ሕንጻው ራሱ በነዋሪዎች ትግል ከመፍረስ ድኖ በ2005 ጋላ የተባለው የስፓኒሽ ቋንቋ ቴአትር ገብቶበታል።

ገንዘቡ በብዛት የገባው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። በ1997 አንድ የ«ዘ ማሚ» ፖስተር በኒውዮርክ 453,500 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ተደነቀ፤ በ2017 አንድ የ«ድራኩላ» ፖስተር 525,800 ዶላር አወጣ። ዋጋው ሲጨምር ሐሰተኛውም ተከተለ። በ2000ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሳልን ሎቢ ካርዶችና ፖስተሮች በአሮጌ ወረቀት ላይ አስመስሎ ያሳተመ ነጋዴ በሰብሳቢዎቹ ንቃት ተደርሶበት በፌዴራል ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። የገንዘቡ ሌላ ጉዳት የስብስቦች መበተን ነው። አከርማን በሎስ አንጀለስ ቤቱ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ዕቃ አከማችቶ ለዐሥርት ዓመታት በሩን ለጎብኚ በነፃ ከፍቶ ኖሯል። ሙዚየም እንዲሆንለት ተመኝቶ አልተሳካለትም፤ በሕመምና በፍርድ ቤት ወጪ ብዙውን በሕይወት ሳለ ሸጠ፣ በ2008 ካረፈ በኋላ የቀረው በጨረታ ተከፋፈለ።

ከመበተን የተረፈውንም ጊዜ ይጎዳዋል። የመጽሔቶቹ ወረቀት ከርካሽ የእንጨት ፐልፕ የተሠራ ስለሆነ በውስጡ ያለው አሲድ በጊዜ ብዛት ቢጫ ያደርገዋል፣ ያደርቀዋል፣ በመጨረሻም ይሰብረዋል። የዋሽንግተን በጋ እርጥበት ሻጋታን ይጋብዛል፤ ምድር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ የጎርፍ አደጋ አለበት። ባለሙያዎች አሲድ የሌለው ካርቶንና የፖሊስተር ከረጢት፣ ከፀሐይ የራቀ ቀዝቃዛ ክፍል ይመክራሉ። የተቀደደን ወረቀት በተራ ማጣበቂያ ቴፕ መያዝ ከመቀደዱ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ዘርፍ ትልቁ መጠለያ ሆኗል። የቅጂ መብት ለማስመዝገብ ቅጂ ማስገባት ግዴታ ስለነበር ብዙ ነገር በሕጉ ምክንያት ገብቷል፤ የተቀረው ከሰብሳቢ የመጣ ነው። በ2018 የባልቲሞሩ ነጋዴ ስቲቨን ጌፒ የግል ሙዚየሙን ሲዘጋ ከ3,000 በላይ ሥዕላዊ መጽሔቶች፣ ፖስተሮችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ። የአማርኛ ታላቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቶማስ ሊፐር ኬን የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትም በዚያው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአምባሳደር፣ በራስና በሌሎችም ቤቶች በር ላይ የተሰቀሉት ማስታወቂያዎች፣ የትኬት ጉማጆች፣ የፕሮግራም ወረቀቶች እንደ አሜሪካዎቹ በሥርዓት ተሰብስበው የሚታዩበት የታወቀ ቦታ የለም። ከአገር ሲወጡ በሻንጣ የመጡ ጥቂት ወረቀቶች፣ የቪዲዮ ካሴት ሽፋኖችና የቴአትር ፖስተሮች በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በየቤቱ ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህን የያዘ ሰው ከመጣሉ በፊት በእርሳስ ቀኑንና ቦታውን ከጀርባው ይጻፍ፣ በደረቅ ቦታ ያኑር፣ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ወይም በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የአፍሪካ ክፍል ይጠይቅ።